ይህ ዝርዝር ለቢስቲማ አይሆንም

ባለፈው እትም የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከግጥሞቹ ሥር ተጨንቆ፣ አንድ ዝርዝር ወጥቶ ነበር። ለክረምት ዕረፍት ቢስቲማ ስንገባ ለአገሩ ሰው በአንሶላ ላይ ልናሳያቸው የታሰቡ የሦስት ፊልሞች ስም ነው። ዝርዝሩን ያወጡት ባዕዳን አይደሉም፤ ጓደኞቻችን ናቸው። አብረን እንበላለን፤ ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ቢስቲማ በአንድ መኪና ተጣበን እንጓዛለን። እንግዲህ ከኋላቸው ከምናማቸው ፊት ለፊት እንንገራቸው ብለን ነው ይህን የጻፍነው። ዝርዝሩ አይሆንም። ቀልድ አይደለም፤ ጨርሶ አይሆንም።

ምን ወጣለት በሉን። አንደኛ የአሜሪካኑ «ጎድፋዘር»፤ ሁለተኛ አንድ የሕንድ የድብድብ ፊልም፤ ሦስተኛ አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራ የፍቅር ኮሜዲ። ከየስሙ ሥር ምክንያት ተጽፏል። የመጀመሪያው በዓለም ምርጥ ፊልሞች ዝርዝር ሁሉ ስላለ ነው፤ ሁለተኛው ሕዝቡ ስለሚወደው ነው፤ ሦስተኛው ሰው መሳቅ ስለሚፈልግ ነው። ሦስቱም ከሩቅ ሲያዩዋቸው ምክንያት ይመስላሉ፤ ሲነኳቸው ግን እንደ ደረቀ ጭቃ ይፈረፈራሉ።

በመጀመሪያው እንጀምር። የዓለም ዝርዝር የሚባለው ለመሆኑ የማን ዝርዝር ነው? «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የሚባል የእንግሊዝ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሐያስያንን እየጠየቀ ምርጥ ፊልም ያስመርጣል። በመጀመሪያው ዙር የጣሊያኑ «የብስክሌት ሌቦች» አንደኛ ወጣ። ከዚያ «ሲቲዝን ኬን» ከ1962 እስከ 2002 ድረስ አምስት ዙር ሙሉ ዙፋኑ ላይ ተቀመጠ። በ2012 የሂችኮክ «ቨርቲጎ» አወረደው። በ2022 ደግሞ ቤልጂጋዊቷ ሻንታል አከርማን በ1975 የሠራችው፣ አንዲት ሴት ወጥ ቤቷ ውስጥ ድንች ስትልጥ ረጅም ጊዜ የሚያሳየው ፊልም፣ ብዙ ሰው ባልጠበቀው አኳኋን አንደኛ ሆነ። ፊልሞቹ አልተለወጡም፤ መራጮቹ ናቸው የተለወጡት። በዚያው በ2022ቱ መቶ ውስጥ የሴኔጋሎቹ የሴምቤንና የማምቤቲ ሥራ ተፈልጎ ይገኛል፤ ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ ግን በአንድም ፊልም የለበትም። ታዲያ ያንን ወረቀት ይዘን ቢስቲማ ድረስ መሄድ ምን ይባላል? «ጎድፋዘር» መጥፎ ነው አላልንም። ግሩም ፊልም ነው፤ ከመካከላችን አራት ጊዜ ያየው አለ። እኛ ያልነው ሌላ ነው፤ የዓለም ዝርዝር የሚሉት ሌሎች ሰዎች ለራሳቸው ያወጡት ዝርዝር ነው፤ እኛም ለራሳችን ማውጣት እንችላለን ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ የቢስቲማ ሰው ፊልም አይቶ የማያውቅ ይመስል «እናስተዋውቀው» የሚል አነጋገር በዝርዝሩ መግቢያ ላይ አይተናል። እንዴ! የትኛውን ቢስቲማ ነው የምታወሩት? እኛ ያደግንበት ቢስቲማ ቪዲዮ ቤት ነበረው። በር ላይ ጥቁር መጋረጃ፣ ውስጡ አግዳሚ ወንበር፣ ከፊት ቴሌቪዥን። በድምፅ ማጉያው የሕንዱንም የሆንግ ኮንጉንም ፊልም አንድ ሰው በአማርኛ ይተርክልን ነበር፤ ትርጉም ፊልም የምንለው ነው። ያ ተራኪ የጀግናውንም፣ የሽፍታውንም፣ የእናቲቱንም ቃል ብቻውን ይናገራል፤ አልፎ አልፎም ከራሱ ይጨምራል፤ ተመልካቹ ይስቅለታል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ከመጣ ወዲህ ደግሞ የቱርኩ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ቤት ድረስ ገብቷል። ዛሬ ማንም ወጣት ፍላሹን ይዞ ይሄድና የፈለገውን ፊልም አስጭኖ ይመለሳል፤ ወይም ከቴሌግራም ያወርዳል። ሰዉ ፊልም አላጣም። በዓመት ሦስት ምሽት ብቻ ነው ያለን፤ ያውም ፕሮጀክተሩ የውሰት ነው፣ መብራቱ ከጠፋ በጄኔሬተር ነው። ይህን ሁሉ ድካም ከፍላሹ ላይ ያለውን አምጥቶ በአንሶላ ላይ ለማስፋት ከሆነ፣ በቃ እቤታችን እንተኛ።

እንግዲህ ምን ይታይ? የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። ከሁሉ በፊት የሚታየው፣ እኛን ራሳችንን የቀረጸው ፊልም ይሁን።

እ.ኤ.አ. በ1973 ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ከካሜራ ባልደረቦቹ ጋር ወሎ ገባ። የሠራው ፊልም ስሙ «ያልታወቀው ረሃብ» ነው። በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው በጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። ረሃቡ «ያልታወቀው» መባሉ ለእንግሊዝ ሰው ነው እንጂ፣ እዚህ ያውቀው የነበረ ሞልቷል። መንግሥት ያውቅ ነበር፤ ዝም አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ከእነርሱም አንዱ መስፍን ወልደ ማርያም፣ ገና በ1965 ወሎ ድረስ መጥተው ያዩትን በፎቶግራፍ አንስተው በግቢያቸው ለተማሪው አሳይተዋል። አገሬውማ ምን ይነገረው፣ ሬሳውን የቀበረ እሱ ነው። የሞተው ሰው ቁጥር እስከ ዛሬ በግምት ነው የሚነገረው፤ ከ40 ሺህ የሚሉ አሉ፣ 200 ሺህ የሚሉም አሉ። በዚህ መካከል ያለውን ርቀት ልብ በሉት። አንድ መቶ ስድሳ ሺህ ሰው ኖረም አልኖረም፣ ሞተም አልሞተም ተብሎ በሁለት ግምት መካከል ጠፍቷል።

ከዚያ የሆነውን ብዙዎቻችን በጨረፍታ እንጂ በወጉ አናውቀውም። በመስከረም 1 ቀን 1967፣ የዘመን መለወጫ ማታ፣ ደርግ ያንኑ የዲምብልቢን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። ግን እንዳለ አላሳየውም፤ ቆርጦ ቀጠለው። የወሎው የተራበ ሕፃን፣ ቀጥሎ የቤተ መንግሥት ግብር፤ የወሎዋ እናት፣ ቀጥሎ ሥጋ የሚጎርስ ውሻ። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲያዩት ተነገራቸው ይባላል። በነጋታው መስከረም 2 ከዙፋናቸው ወረዱ። በዓለም ላይ ለአንድ መንግሥት መውደቂያ በዋዜማው ፊልም ያሳዩበት አገር ስንት አለ? ይህን ታሪክ የፊልም ሰዎች ነን የምትሉ ጓዶች በዝርዝራችሁ ላይ በአንድ ቃል እንኳ አላነሣችሁትም። የኮርሊዮኔን ቤተሰብ ታሪክ ግን ከነልጅ ልጁ ጽፋችኋል።

አሁን ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ያንን ፊልም እንግሊዝ አየው። ቴሌቪዥን ያለው የአዲስ አበባ ሰው አየው። ቤተ መንግሥቱ አየው። ያልተመለከተው ማን ነው? የተቀረጸው ሰው። ያን ጊዜ ቴሌቪዥን ከአዲስ አበባ ዙሪያ ብዙም አይወጣም፤ የወሎ ገበሬ ፊቱን አበድሮ መንግሥት ሲወርድበት ፊቱን አላየም። ከደሴ ወደ ሰሜን የሚሄደውን ጥቁር አስፋልት ዳር ዳሩን ይዞ የተቀመጠው ሕዝብ፣ ከዚያ በምሥራቅ በኩል ከቆላው የመጣው ከብቱ ያለቀበት አፋር፣ ለማን እንደተቀረጸ ሳያውቅ ተቀረጸ። ያ ዕዳ አልተከፈለም። ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ተበዳሪውም ሞቷል። አበዳሪው ግን አንዳንዱ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ቢስቲማ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።

ይህንኑ ፊልም ለምን ደግመን እንየው ለምትሉን ሌላም ምክንያት አለ። ደርግ በዚያ ፊልም ንጉሡን ባወረደ በአሥረኛው ዓመት፣ በመስከረም 1977፣ አዲስ አበባ በመብራትና በሰንደቅ ዓላማ አሸብርቃ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ስታከብር፣ ኢሠፓም ሲመሠረት፣ ወሎና ትግራይ ዳግመኛ ተርበው ነበር። ያው የወሎ ሕፃን፣ ያው ግብር! ቆርጦ የሚቀጥል ሰው ብቻ ነው የጠፋው። ከዓሉ አንድ ወር በኋላ፣ በጥቅምት 13፣ መሐመድ አሚን በካሜራ፣ ማይክል በርክ በድምፅ፣ ከኮረም የላኩት የቢቢሲ ዘገባ ታየ፤ ኮረም ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች። ከ400 በላይ ጣቢያዎች ደጋግመው አሳዩት። ዘጋቢው ረሃቡን በመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ከነበረው ጋር አመሳሰለው። ሰው ይህን ሰምቶ አለቀሰ፤ ገንዘብም ላከ፤ ብዙ ሰው ከሞት ተረፈበትና ምስጋናችን ከልብ ነው። ነገር ግን የመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሃብ ተጠያቂ የለውም። ሰማዩ ነው፣ ቁጣው ነው፣ በቃ። በ1977 ግን ጦርነት ነበር፤ የእህል መንገድ የሚዘጋ ነበር፤ ለበዓል የወጣ ገንዘብ ነበር። ካሜራው እውነቱን አሳየ፤ ቃሉ ተጠያቂውን ሸሸገ። ይህን ለይቶ ማየት የሚቻለው ቁጭ ብሎ ደግሞ በማየት ነው እንጂ ሌላ መንገድ የለውም።

በዚያው ሰሞን፣ በኅዳር፣ የእንግሊዝ ዘፋኞች ተሰብስበው ለእኛ ርዳታ ማሰባሰቢያ ዘፈን አወጡ። ርዕሱ ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ የሚል ጥያቄ ነው። አይ ጥያቄ! ላሊበላ የወሎ ነው፤ ገና በቤተ ማርያም ዙሪያ ከስንት መቶ ዓመት ጀምሮ ሲከበር ኖሯል። የቀረው ወሎዬ ደግሞ እስላም ነው፤ ገና የጎረቤቱ በዓል መሆኑን ያውቃል፤ ጠላና ዳቦ ሲላክለት ዳቦውን ተቀብሎ ጠላውን በትሕትና ይመልሳል። ይህን የሚያህል ነገር ሳያውቁ አዘኑልን። አንወቅሳቸውም፤ የሚነግራቸው አልነበረም። በፊልሞቹ ላይ የሚሰማው የተራኪው ድምፅ ነው፤ የሐኪሙና የነርሷ ድምፅም ይሰማል። የተራበው ሰው ድምፅ ግን የሳልና የልቅሶ ያህል ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞው እንምጣ። ዝርዝሩን ካወጡት አንዱ፣ ሐሳባችንን በቃል ስናጫውተው፣ የሽማግሌ ቁስል አትነካኩ ብሎናል። ሌላው ደግሞ ወሎን በረሃብ ብቻ የሚያውቋት አንሰው እናንተ ደግሞ በአንሶላ ላይ ልታውጁ ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። ሁለቱም የሚናቁ አይደሉም፤ ሁለተኛው ግን ቶሎ ይመለሳል። ውርደቱ የተራበው ሰው አይደለም። የደበቀው ነው የሚያፍረው። ልጅ የቀበረች እናት ምን ሠርታ ነው የምታፍረው? እኛ ከደሴ ውጭ ስንሄድ ከየት ናችሁ ስንባል ወሎ ማለት እየከበደን፣ የአምባሰልንና የባቲን ዜማ ብቻ እየጠራን፣ ቆንጆ አገር ነው ብለን እየሳቅን ማለፉን ለምደናል። ዜማው የእኛ ነው። ረሃቡም የእኛ ነው፤ አንዱን ወስደን ሌላውን ለውጭ ሰው መዝገብ ቤት መተው አንችልም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ግን ይከብዳል። እውነት ነው፣ አንዲት አሮጊት አንሶላው ላይ የገዛ እህቷን ብታይስ? የማይሆን ነገር አይደለም። ፊልሙ ላይ ያሉት ሰዎች ስም የላቸውም፤ ስም የለሽ ለእንግሊዝ ነው እንጂ ለዚህ አገር ሰው ስም አላቸው። ስለዚህ ነገሩን እንደ ገበያ ትርኢት በጨለማ አደባባይ ላይ እንዘርጋው አላልንም። ያልነው ይህ ነው። አንደኛ፣ ፊልሙ በቀን፣ በቤት ውስጥ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ለታላላቆቹ ብቻ አስቀድሞ ይታይ። ሁለተኛ፣ ከአቦል በፊት ምን እንደሆነ ይነገራቸው፤ አንፈልግም ካሉ በረካውን ጠጥተን፣ ዱዓቸውን ተቀብለን እንነሣለን፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ሦስተኛ፣ እንየው ካሉ የእንግሊዝኛው ድምፅ ይቀነስ።

አዎ፣ ይቀነስ። ዋናው ሐሳባችን እርሱ ነው። ትርጉም ፊልም ያሳደገን ልጆች ነን፤ ተራኪ ማለት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ እናውቃለን። የቪዲዮ ቤቱ ተራኪ የማያውቀውን ሕንድ ሲተርክልን ኖረ። አሁን ደግሞ የሚያውቀው ይተርክ። ስዕሉ ይሂድ፤ ድምፁን ዝቅ እናድርገው፤ ያን ዘመን በእግሩ የሄደበት ሰው ከፊት ይቀመጥና ይህ መንገድ እዚህ ነው፣ ይህ ልብስ የእንዲህ ያለ አገር ሰው ነው፣ በዚያ ወር ዋጋው ይህን ያህል ነበር ይበል። ሰባ ሰባትን የሚያውቀው ደግሞ ስለ ኮረሙ ይናገር፤ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር ስለተጫነው ዘመዱ ይናገር። እኛ በስልካችን ድምፁን እንቅዳ፤ ከፈቀዱ ብቻ። ከዚያ በኋላ ማታ ለሕዝቡ የሚታየው ያ ይሆናል፤ ያው ስዕል፣ በእነርሱ ድምፅ። ደርግ ስዕሉን ቆርጦ ቀጠለ፤ እኛ አንዲት ስዕል አንነካም። ድምፁን ብቻ ለባለቤቱ እንመልሳለን።

ይህን ባናደርግ ጊዜው ያልፋል። በ1966 አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ከስልሳ አምስት በላይ ነው። ይህ ሒሳብ አያከራክርም። «ጎድፋዘር» ከርሞም፣ ከዚያ ወዲያም ይገኛል።

ሁለተኛው ምሽት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይሁን። ኃይሌ ገሪማ ይህን ፊልም በ1966 ክረምት፣ ንጉሡ ሊወርዱ ሰዓቱ ሲቆጠር፣ አሜሪካ ከሚማርበት መጥቶ በሁለት ሳምንት ግድም ቀረጸው። ወጥቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በጥቁርና ነጭ ነው፤ ተዋንያኑ የቴአትር ሰዎች አይደሉም፤ ቋንቋው አማርኛ ነው። አንድ የገበሬ ቤተሰብ፣ አንድ ባለርስት፣ አንድ እንደ እብድ የሚቆጠር ከበበ የሚባል አሮጌ ወታደር። ልጅቷ በሕልሟ እናትና አባቷ እንደ በሬ ተጠምደው ሲያርሱ ታያለች። ኋላም ላም ለማዳን ስትል ጎርፍ ይወስዳታል። ከዲምብልቢው ፊልም ማግሥት ይህን ማየት ማለት፣ የተራበውን ሰው ከመራቡ በፊት እርሻው ላይ ቆሞ ማግኘት ማለት ነው። እዚህ ገበሬው ይናገራል፣ ይሰድባል፣ ይጸልያል፣ ያርሳል። ለምን እንደሚራብም ያለ ተራኪ ትረዳላችሁ፤ ምርቱ ወዴት እንደሚሄድ ታያላችሁና።

ይረዝማል ብላችሁናል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ቀርፋፋ ነው ብላችሁናል። ቀርፋፋነቱ የበሬ ነው! በሬ ሲያርስ ያላየ የከተማ ልጅ ይሰለች ይሆናል፤ የወረባቦ ገበሬ ግን አንድ ትልም እስኪያልቅ መጠበቅን ከእኛ አይማርም። ሰዉ ይተኛል ብላችሁ የፈራችሁለት ሰው፣ መንዙማ ሲሰማ ሌሊቱን ሙሉ ያድራል። አያቶቻችን በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብለው ሰይመውታል፤ እናንተ ደግሞ ዛሬ ሕዝቡ ለከባድ ፊልም አልደረሰም ትላላችሁ። እነርሱ ፊልሙን ፈሩ፤ እናንተ ተመልካቹን ፈራችሁ። የእነርሱ ይሻላል።

በነገራችን ላይ «ምርት» የትም የተጣለ ፊልም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የማርቲን ስኮርሴዚ ማኅበርና የቦሎኛው ሲኒማ ቤተ መዛግብት አድሰውት ካን ላይ ታይቷል። የውጭ ሰው ምስክርነት ካልሰማችሁ የማትንቀሳቀሱ ከሆነ ይኸውላችሁ ምስክርነቱ። ለእኛ ግን አማርኛ መናገሩ ይበቃል።

የሕንድ ፊልም የግድ ነው፣ ያለ ሕንድ ሰው አይመጣም ከተባለ ደግሞ አንጣላም። ድብድቡ ቀርቶ እ.ኤ.አ. በ1957 መህቡብ ካን የሠራው «እናት ሕንድ» ይምጣ። ዘፈንም አለው፣ ልቅሶም አለው፣ አራጣ አበዳሪም አለው። ናርጊስ በሬ አጥታ ሞፈሩን በገዛ ትከሻዋ ስትጎትት የምትታይበትን ቦታ ያየ ሰው፣ «ምርት» ላይ ያለውን የልጅቷን ሕልም ሲያይ ሁለቱ ገበሬዎች ዘመዳሞች መሆናቸውን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ሕንድ ፊልም ወዳጅነታችን ከድብድብ በላይ ነበር፤ እናቶቻችን የሚያለቅሱበት ነበር። ያንን ደግሞ ማየት መልካም ነው። ከ«ምርት» በፊት ባለው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለሴቶች ብቻ ቢታይ የበለጠ ሰው እንደሚመጣ እንገምታለን።

ሦስተኛው ምሽት የያሬድ ዘለቀ «በግ» ይሁን፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው። በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው፤ ግን ለዚያ አይደለም የመረጥነው። እናቱን በረሃብ ያጣ ኤፍሬም የሚባል ልጅ በጉን ይዞ ዘመድ ቤት ይጠጋል። ልጁ ወጥ መሥራት ይችላል፤ ሳምቡሳ ጠብሶ ይሸጣል፤ ወንድ ልጅ ምጣድ ፊት ምን ይሠራል ብለው ይቆጡታል። አስተውሉ፦ ረሃብ የገደለባት እናት ልጅ ምግብ ሲሠራ ነው የምናየው። አጥንቱ አይቆጠርም፤ እጁ ነው የሚታየው። ከዲምብልቢው ሕፃን እስከዚህ ልጅ ድረስ አርባ ዓመት አልፏል፤ ካሜራውን የያዘውም ሰው ተለውጧል። ሰውም መሳቅ ይፈልጋል ላላችሁት፣ በዚህ ፊልም ይስቃል። ትንሽም ያለቅሳል።

ኮሜዲው ለምን ቀረ ትሉ ይሆናል። በአዲስ አበባ ኮሜዲ ላይ ጠብ የለንም፤ ግን ገጠሬው በአብዛኛው የሚገባበት ዘበኛ ወይም ሠራተኛ ሆኖ፣ አነጋገሩ እንዲሳቅበት ነው። ቢስቲማ ሄደን የቢስቲማን ሰው በገዛ አነጋገሩ ልናስቀው? ኧረ ተዉ።

«ጤዛ»ስ ለሚሉን፣ «ጤዛ» ለእኛ ለራሳችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቶ በቬኒስ የተሸለመው፣ በቀጣዩ ዓመት በዋጋዱጉ የፈረሱን ታላቅ ሽልማት የወሰደው የኃይሌ ገሪማ ፊልም፣ ተምሮ ወደ መንደሩ የተመለሰና ለእናቱ የሚነግራት ነገር ያጣ የአንበርብር ታሪክ ነው። ዲግሪውን ይዞ ጎጆው በር ላይ ቆሞ የሚቀር ሰው የማን ሥዕል ነው? ይህን ከመሳፈራችን በፊት ባለው ሌሊት፣ መኝታ ክፍላችን ውስጥ፣ በአንድ ላፕቶፕ ተሰብስበን እንየው። ዝርዝር ያወጡትም ጓዶች ይምጡ፤ እኛም ከዚህ ፊልም አናመልጥም።

አንድ ነገር እንጨምር። በ2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን፣ የእኛንም ቀዬ ሲያዳርስ ካሜራ ያልያዘ አልነበረም። ዛሬ በየስልካችን ውስጥ ያለው ቁራጭ ቪዲዮ የዲምብልቢን ፊልም ብዙ እጥፍ ይሆናል። አንዳንዱ ማን ቀረጸው፣ የት ነው፣ ማን ነው የሞተው፣ የሚታወቅ ነገር የለውም፤ ሰው ግን የሚመቸውን ቆርጦ፣ የሚመቸውን ድምፅ ለጥፎ ይለቀዋል። የመስከረም አንዱን የ1967ቱን ዘዴ አሁን እያንዳንዱ ሰው በኪሱ ይዞታል። ከመካከላችን አንዱ የአጎቱን ልጅ በእንዲህ ያለ ቪዲዮ፣ በሌላ አገር ስምና በሌላ ወገን ስም ተጠርቶ፣ አይቶታል። ስለዚህ የድሮ ፊልም ደግሞ ማየት ለእኛ ትዝታ ማደስ ብቻ አይደለም፤ ነገ ሌላው ሰው በእኛው ፊት ላይ የሚለጥፈውን ድምፅ መለየት መልመድ ነው።

ጉዳዩ በድምፅ ብልጫ እንዲወሰን ሐሙስ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ሣር ላይ እንሰብሰብ። የዲምብልቢው ፊልም ቅጂ በእጃችን አለ። እንግሊዝኛውን በጽሑፍ ወደ አማርኛ የመለሰችው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ወረቀቱን ይዛ ትመጣለች፤ ታላላቆቹ ምን እየተባለላቸው እንደነበር ማወቅ መብታቸው ነውና። ለቡናው የሚዋጣው በነፍስ ወከፍ ይወሰን። ጄኔሬተሩን የሚያውሰን ነጋዴ ነዳጁን እኛው እንድንችል ጠይቋል። አንሶላም ሁለት ያስፈልጋል፤ ያለፈው ዓመቱ መሐሉ ላይ ተቀዷል።